የኦቦ ደበላን መኪና ያጠብኩ ቅዳሜ

ሰው በማያውቀው ነገር ቢዋረድ ያጽናናዋል፤ "ከየት አውቄው" ይላል። እኔ የተዋረድኩት ግን በማውቀው ነገር፣ በሳሙና ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰበታ ውስጥ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ደረቴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቼ፣ የዱቄት ሳሙናውን በጣቶቼ መሃል አሽቼ "ይሄ ያልፋል፤ ይሄ አያልፍም" እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ አያልፍም ያልኩት አልፎ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሥልጣን ደግሞ ከጋዋኑ ጋር አብሮ አይወልቅም፤ ቤት ድረስ ይከተላል። የአከራዬ አጥር አያልፍም፣ የወንድሜ የሠርግ ካርድ አያልፍም፣ የጓደኞቼ እጮኞች አብዛኞቹ አያልፉም። ስሜ በለጠ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ በሌለሁበት "አያልፍም መጣ፣ አያልፍም ሄደ" እንደሚሉኝ የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ያለፈችልኝ አንዲት ሰው ሲፈን ነበረች። ቡራዩ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ከተዋደድን በኋላ አጎቴን ጋሽ መኮንንንና ጎረቤታችንን አቶ ተሾመን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባቷ ላክሁ። መልሱ "እናስብበት፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተመለሱ" የሚል ነበር። እንግዲህ ነገሩ የተፈጸመው ከዚያች እሁድ በፊት በነበረችው ቅዳሜ ነው።

አባቷ ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማሩ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ቤቶች መሃል የእሳቸው ግቢ የሚታወቀው በመኪናቸው ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ አሮጌ ዲኤክስ። እግር ጥሎት ለገባ እንግዳ ሁሉ፣ ገና ወንበር ሳይሰጡት የሚነግሩት ነገር አለ።

"ይቺ መኪና ከፋብሪካ በወጣችበት ቀለም ነው ያለችው። ባትላሜራ መዶሻውን አላሳረፈባትም። ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ አንዲት ጭረት የለብኝም።"

"የለባትም" አይሉም፤ "የለብኝም" ነው የሚሉት።

ስለዚያ ቤት የማውቀው ሌላ ነገር ሲፈን ገመቹ የሚባል ታላቅ ወንድም እንዳላት፣ ሱሉልታ እንደሚኖር፣ ስሙም በአባቱ ፊት እንደማይነሳ ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ "ተወው" ተብያለሁ።

ኦቦ ደበላ መኪናቸውን በየቅዳሜው ራሳቸው ያጥባሉ። በዚያ ወር ግን ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ወልቆ ወጌሻ አሽቷቸው፣ በጨርቅ ታስሮ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳትታጠብ ቆመች። ሲፈን ቅዳሜ ጠዋት ደውላ እናትና አባቷ ለተዝካር ጫንጮ እንደሄዱ፣ የሚመለሱትም በማግሥቱ አምስት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ስትነግረኝ ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሰውዬው እሁድ ሲመለሱ መኪናቸው እንደ መስታወት አብርታ ትጠብቃቸዋለች፤ "ማን አጠባት?" ይላሉ፤ ሲፈን "በለጠ" ትላለች፤ ከዚያ ሽማግሌዎቼ ቢመጡ ቆመው እንኳ አይለምኑም።

ከፋብሪካው ለሠራተኛ የሚታደለውን ዱቄት ሳሙና ሁለት ኪሎ በፌስታል ይዤ ቡራዩ ደረስኩ። ሲፈን በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

"ምን ልትሠራ መጣህ? ነገ ሽማግሌ እየላክህ ዛሬ ግቢ ውስጥ ሰው ቢያይህስ?"

"መኪናዋን ላጥባት ነው።"

"የማንን መኪና?"

"የአባትሽን።"

እንደ ማዘን አለች። "በለጠ፣ አባቴ እኮ ያቺን መኪና እናቴን እንኳን አያስነካም።"

"እናትሽ ሳሙና አያውቁማ። እኔ ሳሙና ነው ሥራዬ።"

አስተማሪ ናት፤ የማይሰማ ተማሪ ታውቃለች። ትታኝ ደብተር ልታርም ገባች።

መኪናዋ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር የቆመችው። የገልባጭ መኪና አቧራ እንደ ዱቄት ሸፍኗታል፤ በዚያ ላይ የወፍ ኩስ፣ በዚያ ላይ ከዛፉ የተንጠባጠበ ሙጫ። በደንብ እንድትታየኝ ገፋ አድርጌ ወደ ፀሐዩ አወጣኋት። አንድ ባልዲ ውኃ ቀዳሁ። ዱቄቱን ጣሪያዋ ላይ፣ ከፊት ኮፈኗ ላይ፣ ደረቁን ነሰነስኩት። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዤ ጀመርኩ። በጣም የቆሸሸው ይቅደም ብዬ ከጎማዎቹ ተነሳሁ፤ ጎማዎቹ ሲያልቁ በዚያው ስፖንጅ፣ በዚያው ውኃ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ስፖንጁ ለስላሳው ጎኑ ኃይል ሲያንሰው ገልብጬ በአረንጓዴው ሻካራ ጎን ፈተግሁ። እጄ ሥር ጭር ጭር የሚል ድምፅ ነበረ፤ ቆሻሻው ሲለቅ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከኋላ በቀኝ በኩል ፓራፋንጎው ላይ፣ ከጎማው በላይ፣ አንዲት የሙጫ ጠብታ አልለቅ አለች። እንኳን ጠብታ እኔ ሰው አያልፍም ያልኩ ሰው ነኝ። ከወጥ ቤት ቢላ አመጣሁና በጫፉ ነካ አደረግኋት። ሙጫዋ ተነሳች። ከእሷ ጋር ግን ሰማያዊው ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰንጥቆ፣ መዳፍ የሚያህል ሆኖ እግሬ ሥር ወደቀ።

ከሥሩ ብረት ይታየኛል ስል ነጣ ያለ፣ እንደ ደረቀ ሊጥ ያለ ነገር ታየኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። የገባኝ የሠላሳ ዓመት ቀለም መሬት ላይ መውደቁ ነው። ቁርጥራጩን አንስቼ መልሼ ለጠፍኩት። ወደቀ። በምራቄ አርሼ ለጠፍኩት። ወደቀ።

"ቢያንስ ሌላው ይድረቅ" ብዬ አጥር ላይ በተሰጣ አሮጌ ብርድ ልብስ ወለወልኳት። ስትደርቅ ነው ጉዱ የታየው። ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ። ከጣሪያ እስከ በር በክብ በክብ የተጫረ ግራጫ መስመር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ብርሃን ባረፈበት ሁሉ ያብለጨልጫል። ኮፈኗ ላይ ደግሞ ድመት አስር ጊዜ ተንሸራታበት የወረደች ይመስላል።

ሲፈን በረንዳው ላይ ቆማ አየኋት። መቼ እንደወጣች አላውቅም።

"ምን አደረግካት?"

"ታጠበች" አልኩ።

አልጮኸችም። ዞረቻት፤ ከፓራፋንጎው ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ቁልፉን ይዛ ወጣች። "ግባ። ቡራዩ ውስጥ የምናሠራበት ቦታ የለም፤ እዚህ አባቴን የማያውቅ ጋራዥ የለም። አንተ ሰበታ የምታውቀው ቀለም ቀቢ አለ?"

አንድ አለ። ጋሽ ከድር ይባላሉ፤ የአሮጌ መኪና ቀለም በዓይናቸው ቀምመው የሚያመሳስሉ፣ ስልሳ ያለፋቸው ሰው። ሲፈን ነዳች፤ የአባቷ ተማሪ ናት። እኔ ቁርጥራጩን ቀለም በጋዜጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ፤ የተቆረጠ ጣት ሐኪም ቤት የማደርስ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ከድር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡና መኪናዋን ከርቀት አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"በምን አጠብካት?"

"በዱቄት ሳሙና።"

"በውኃ በጥብጠህ?"

"ነስንሼ።"

"ደረቋን?"

"አዎ።"

"ጥላ ውስጥ?"

"ፀሐይ ላይ።"

"በስንት ባልዲ?"

"በአንድ።"

"ከየት ጀመርክ?"

"ከጎማው።"

"በዚያው ጨርቅ ወደ ላይ?"

"ጨርቅ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው" አልኩ፤ ነገሩ የሚሻሻል መስሎኝ።

"በየትኛው ጎኑ?"

ወደ ሲፈን ዞርኩ። "በአረንጓዴው" አለች ሲፈን።

ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?"

ይህን ጥያቄ ሌላ ቀን ቢጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ እመልስ ነበር። አሁንም ሲፈን ቀደመችኝ፤ "ሳሙና ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሽ ከድር፤ "ሸሚዜ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ዛሬ ገባኝ።"

ከዚያ ግን ሳይቆጡ፣ እጄን ይዘው ኮፈኗ ላይ አኖሩት። "መኪና አይፈተግም። ሽንብራ አይደለም። ጠላትህ አቧራው ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ቢላ ናት። አንተ ቢላውን በጨርቅ ይዘህ መኪናዋን ዞርካት። መጀመሪያ ውኃ ብቻ ታፈስሳለህ፤ ከላይ ወደ ታች፤ አቧራው በራሱ ጊዜ ይሂድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ። አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ። ጨርቅህን እንደገና ሳሙናው ውስጥ ከመንከርህ በፊት ንጹሑ ውስጥ ታጥባለህ። እጅህን ወዲህና ወዲያ እንጂ በክብ አታዙር፤ አትጫን። ጎማው መጨረሻ፤ ለእሱም የራሱ ጨርቅ። ሙጫ ከሆነ በሞቀ ውኃ የራሰ ጨርቅ ታስቀምጥበታለህ፤ እስኪለቅ ትጠብቃለህ። መጠበቅ ነው ሥራው። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ጭረቱ ላይ ላዩን ነው፤ በፖሊሽ አወጣዋለሁ። የታለ ሌላው?"

ፓራፋንጎውን አሳየናቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው አጥንት ግራውን ፓራፋንጎ አንኳኩ፤ ቃ ቃ አለ፣ እንደ ቆርቆሮ። ቀኙን አንኳኩ፤ ዱብ ዱብ አለ፣ እንደ ግንብ።

"ይሄ እስቱኮ ነው" አሉ። "ብረቱ ተጨራምቶ በእስቱኮ ተሞልቶ፣ በላዩ የተቀባ። ሥራው ደግሞ የእኔ ነው።"

"ይቺ መኪና ባትላሜራ ነክቷት አያውቅም" አለች ሲፈን። አባቷን ነበር የምትመስለው።

ጋሽ ከድር ሳቁ። "ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ባርኔጣ ያደረገ። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆሞ እንዴት እንደምቀባ ሲያስተምረኝ ዋለ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ስሙን ስላልነገረኝ ግን መሐላው የማንን ስም እንዳላነሳ እንደሆነ አላውቅም። በምን ተመትታ ነው ብለው ስልክ እንጨት አለኝ። እንጨቱ ከመንገድ የወጣ ይመስል ጥፋቱን በሙሉ በእንጨቱ ነበር ያላከከው።"

የሲፈንን ፊት አየሁ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

"ወንድሜ" አለች ቀስ ብላ፤ "ሁለት ዓመት ሙሉ እቤት አልገባም።"

ያኔ ነው የነገረችኝ። ገመቹ የሰው አይሱዙ ሾፌር ነበር። ተፍኪ አጠገብ ከነጭነቱ ገለበጠው። ማንም አልተጎዳም። ሥራውን ግን ለቀቀ፣ ወደ አባቱ ቤት መጣ። ኦቦ ደበላ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ያቺኑ መኪና በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "ከእኔ አብራክ መኪና የሚገለብጥ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንዲት ጭረት የለብኝም" አሉት። ገመቹ በዚያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጦም አያውቅም።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ ከድር፣ ነገሩ ከብዷቸው፣ "ያንኑ ቀለም እቀምማለሁ። በሁለት ሰዓት እዘጋዋለሁ። ሰውዬው ዓይኑን ቢያፈጥ አያገኘውም።"

"ይዝጉት!" አልኩ። ሳላስብ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። "አሁኑኑ ይዝጉልን ጋሽ ከድር!"

"አይዝጉት" አለች ሲፈን።

"ሲፈን፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌዎቼ…"

"አውቃለሁ።"

"ይሄ ተከፍቶ ካዩት አንቺን አይሰጡኝም እኮ!"

"ይሄ ከተዘጋ" አለች፣ "ወንድሜ አይመለስም።"

ጋሽ ከድር አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "እኔ ብሆን ሚስቴ የምትሆነዋን ነበር የምሰማው" አሉኝ በሹክሹክታ። ጭረቱን ሦስት ሰዓት በፖሊሽ አሽተው አወጡት። መኪናዋ አበራች፤ በሕይወቴ እንዲያ የምታበራ ሰማያዊ ነገር አላየሁም። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል፣ ከኋላ ጎማዋ በላይ፣ መዳፍ የሚያህል ነጭ ነገር አፍጥጦ ቀረ።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ እንደገና ቡራዩ ነበርኩ። መሸሽ አምሮኝ ነበር፤ ያልሸሸሁት ጀግና ሆኜ ሳይሆን ሲፈን "ካልመጣህ ሽማግሌዎችህንም አትላካቸው" ስላለችኝ ነው።

አምስት ሰዓት አለፍ ሲል በሩ ተከፈተ። ቀድመው አዴ ዝናሽ፣ የሲፈን እናት ገቡ፤ ከኋላቸው ኦቦ ደበላ፣ የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

"አካም ጂርቱ?" አልኩ እጅ እየነሳሁ። በስድስት ዓመት የለቀምኩት ኦሮምኛ ነው።

"ናጋ" አሉ ኦቦ ደበላ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አላረፈም። መኪናዋን አይተዋታል። "ማን አጠባት?"

ያ የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ቃሉም ራሱ ነው። "እኔ ነኝ" አልኩ።

መዞር ጀመሩ። በፊት በኩል ራሳቸውን ነቀነቁ። በግራ በኩል እንደ ፈገግታ ያለ ነገር አየሁባቸው። በኋላ በኩል ዞረው ቀኝ ጎኗ ጋ ደረሱ። ቆሙ።

"እኔ ነኝ ኦቦ ደበላ" አልኩ። "ሙጫ ላነሳ ብዬ በቢላ ነው። ሳላስፈቅድዎት ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

አዴ ዝናሽ ጠጋ ብለው "ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?" አሉ።

ኦቦ ደበላ በደህናው እጃቸው ነጩን ዳሰስ አደረጉና ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ተማሪ ሲሳሳት የሚያይ አስተማሪ ዓይን ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ፍሬን ፈልጎ ያጣ ተማሪ ዓይን ሆኖ አገኘሁት።

"ወዴት ወስዳችኋት ነበር?"

"ሰበታ።"

"ሰበታ የት?"

"ጋሽ ከድር ጋ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ራሳቸው በራ ነው፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ትናንት ግንቡ ሥር ደፍቼው የሄድኩት ባልዲ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጡ።

"ዝናሽ" አሉ፤ "አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።"

"ስልክ እንጨቱን ነው?" አሉ አዴ ዝናሽ።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

"ለሰርቪስ ነው ብለህ ሁለት ቀን ይዘሃት ጠፋህ። ስትመለስ ልብስህ የቀለም ሽታ ለሳምንት አልለቀቀም። ሚስትህ አፍንጫ የላትም? ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ተላክኮበት ጋደል ያለውን ስልክ እንጨት እያየሁ ገበያ ስሄድ ኖርኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ይልህ ነበራ፣ 'ጭረት የለብኝም' ስትል።" ድምፃቸው ወረደ። "ልጄ የወጣ ቀን ግን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሰው ፊት ላዋርድህ አልቻልኩም። አንተ ግን እሱን ማዋረድ ቻልክ።"

ሲፈን እናቷን ይዛ ገባች። እኔ መሄድም መቆምም አቅቶኝ፣ ሥራ ለማግኘት ያህል ባልዲ ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። ባልዲው ላይ ሰው ነበር።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ መኮንንና አቶ ተሾመ በሙሉ ልብስ፣ ክራቫት አስረው ደረሱ። እኔን ግቢው ውስጥ ሲያዩ አጎቴ ሊወድቅ ነበር፤ ሙሽራ ፈላጊ እዚያ መገኘት የለበትማ። ሆኖም ሥርዓቱን ጀመረ።

"እንግዲህ ኦቦ ደበላ፣ ባለፈው እንደተነጋገርነው፣ ልጃችን ልጃችሁን…"

"የመጣችሁበትን አውቃለሁ" አሉ ኦቦ ደበላ ተነስተው። "መልስ አለኝ። ግን አሁን አልናገርም። ሽማግሌዎች ናችሁ አይደል?"

"ነን።"

"እኔም ሽማግሌ እፈልጋለሁ። ለራሴ። ግቡ፣ መኪናዋ ውስጥ ግቡ፤ ሱሉልታ ነው የምንሄደው።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ "ምን አድርገሃቸው ነው?" አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው።

ኦቦ ደበላ እጃቸው ታስሯልና ሲፈን ነዳች፤ እሳቸው ከጎኗ፣ እኔ በሁለት ክራቫት መሃል ከኋላ። በአስኮ አድርገን፣ የጎጃምን መንገድ ይዘን ዳገቱን ስንወጣ አቶ ተሾመ ሁለት ጊዜ "ጉዳዩ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሁለቱንም ጊዜ ኦቦ ደበላ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምኑልኝ" ብቻ አሉ።

ገመቹ ሱሉልታ ውስጥ አሸዋና ጠጠር በሚሸጥበት ግቢ አካፋ ይዞ ቆሞ ነበር። መኪናዋን ሲያይ አካፋውን አልጣለም፤ አጥብቆ ያዘው። ሽማግሌዎቹ ወረዱ። አጎቴ፣ የማንን ጉዳይ እንደያዘ ባያውቅም፣ ልማድ ነውና "እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ከሰው ይጋጫል…" ብሎ ሊቀጥል ሲል ኦቦ ደበላ አለፉት። የልጃቸውን እጅ ያዙና ወደ መኪናዋ ቀኝ ጎን ወሰዱት።

"ሩኩቲ" አሉት። ምታት፤ አንኳኳት።

ገመቹ ነጩን አየ። አንኳኳ። ዱብ ዱብ። ሾፌር ነው፤ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። ቢሆንም ዞሮ ሄዶ ግራውን አንኳኳ። ቃ ቃ። ተመልሶ ቀኙን እንደገና አንኳኳ። አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

"መቼ ነው?" አለ።

"አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር።"

"በምን?"

"በስልክ እንጨት።"

ገመቹ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ "እንጨቱ እየሄደ ነበር?" ብሎ ጠየቀ።

"ቆሞ ነው" አሉ ኦቦ ደበላ። "ቆሞ ነበር ልጄ። እኔ ነኝ የሄድኩበት።"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የትኛው ሳቅ የትኛው ለቅሶ እንደነበረም አልለየሁም። አባትየው ሊንበረከኩ ሲሉ ልጁ ብብታቸው ሥር ገብቶ ያዛቸው። አጎቴ ጋሽ መኮንን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ያስታረቀ የመጀመሪያው ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ ዛሬ ግን "እኔ ያስታረቅኋቸው" እያለ ያወራዋል። ስንመለስ መሪውን የያዘው ገመቹ ነበር። ከኋላ አራት ሆነን ተጣበብን፤ ሲፈን ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችኝ። የሱሉልታን ቁልቁለት ስንወርድ ኦቦ ደበላ ሳይዞሩ፣ "እንግዲህ ለሽማግሌዎቹ መልሴ እሺ ነው" አሉ። አቶ ተሾመ የመጡበትን ጉዳይ ገና ያስታወሱት ያን ጊዜ ነው።

ፓራፋንጎዋ ያን ክረምት እንዲሁ እንደተከፈተች ከረመች። ኦቦ ደበላ "አይዘጋም፤ ይታይ" ብለው ነበር። እውነትም ብትሆን ግን ዝናብ ሲወርድባት ትዝጋለች፤ በመስከረም የብረቱ ዳር መበላት ጀመረና ራሳቸው ሰበታ ወስደው አስቀቧት። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ቆመው እንዳስተማሯቸው ጋሽ ከድር ነግረውኛል። ሰው እስከዚህ ነው የሚለወጠው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔን የለወጠኝ የኦቦ ደበላ ኑዛዜ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ብዙ ጊዜ ተመልሳ የምትመጣብኝ ጋሽ ከድር ግቢ ውስጥ "ይዝጉት!" ብዬ የጮኽኩባት ቅጽበት ናት። ስድስት ዓመት የሰውን ጉድለት በጣቴ እያሸሁ አያልፍም ስል የኖርኩ ሰው፣ ጉድለቱ የእኔ የሆነ ቀን ልደብቀው ለማለት አንዲት ሰከንድ አልፈጀብኝም። ኦቦ ደበላ ሃያ ዓመት የደበቁትን እኔ በአንድ ከሰዓት ለመደበቅ ዝግጁ ነበርኩ፤ ያውም በእሳቸው ቀለም ቀቢ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ውስጥ "አያልፍም" ማለቴን አልተውኩም፤ ሥራዬ ነው። ከበሩ ስወጣ ግን ጋዋኑን ማውለቅ ለምጃለሁ። አንዳንድ ቀን ሲፈን ታስታውሰኛለች።

ለማንኛውም መኪና ያላችሁ፣ ጥላ ፈልጉ። መጀመሪያ ውኃ ብቻ አፍስሱ። ሁለት ባልዲ፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ከላይ ወደ ታች፤ ጎማው መጨረሻ። ዱቄት ሳሙና ለልብስ ተዉት፤ ይህን የምላችሁ በሙያዬ ነው። የሰው መኪና ከሆነ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ባለቤቱን አስፈቅዱ። እኔ ሳላስፈቅድ አጥቤ ሚስት አግኝቻለሁ፤ እናንተ ግን በዚህ እንዳትተማመኑ።